የኤልኢዲ የእጅ ባትሪ ለምን ይደበዝዛል? ስለ ሙቀት የሚነገሩ ተረቶችና እውነታው

ኤልኢዲ የኤሌክትሪክ ፍሰት ሲያልፍበት ብርሃን የሚያመነጭ፣ ከሴሚኮንዳክተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክን ከብረት ያነሰ ከመስታወት ግን የበለጠ ከሚያስተላልፍ ቁስ፣ የሚሠራ በጣም ትንሽ ዕቃ ነው። ዓይን የሚያየውን ቀይ ብርሃን የሰጠውን ኤልኢዲ ኒክ ሆሎኒያክ በ1962 እ.ኤ.አ. ሠርቶ ያሳየ ሲሆን፣ ለነጭ ብርሃን መሠረት የሆነውን ሰማያዊ ኤልኢዲ ያበረከቱት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የእጅ ባትሪ ነጭ ብርሃን የሚገኘውም ከዚሁ ሰማያዊ ብርሃን ነው፤ ቺፑ፣ ማለትም ብርሃን አመንጪው የሴሚኮንዳክተር ቁራጭ፣ የሚያወጣው ሰማያዊ ብርሃን ፎስፎር በሚባለው ቢጫማ ሽፋን ውስጥ ሲያልፍ ከፊሉ ወደ ቢጫ ይለወጥና ሳይለወጥ ከቀረው ጋር ተቀላቅሎ ለዓይን ነጭ ሆኖ ይታያል። ቺፑም፣ ፎስፎሩም፣ ሁለቱን የሚሸፍነው ግልጽ ማሸጊያም በሙቀት የሚጎዱ ናቸው። ይሁን እንጂ ኤልኢዲና ሙቀት አይተዋወቁም የሚለው እምነት በተጠቃሚዎችም በጠጋኞችም ዘንድ ሥር የሰደደ በመሆኑ፣ ብዙ የእጅ ባትሪዎች ከዕድሜያቸው በፊት ይደበዝዛሉ።

ተረት 1፦ ኤልኢዲ አይሞቅም።

እውነታ፦ ይህ እምነት የመጣው ከብርሃኑ ፊት የተዘረጋ እጅ ሙቀት ስለማይሰማው ነው። ባለ ክር አምፖል ከሚወስደው ኃይል ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ወደ ሙቀት ቢለውጥም፣ አብዛኛው ኢንፍራሬድ በሚባለው ዓይን በማያየው ጨረር መልክ ከብርሃኑ ጋር ወደ ፊት ስለሚወጣ አምፖሉ ሙቀቱን ራሱ ያስወግዳል። ነጭ ኤልኢዲ ግን ኢንፍራሬድ አያመነጭም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ወደ ብርሃን ያልተለወጠው ኃይል፣ እሱም በብርቱ በሚነዱ የእጅ ባትሪዎች ላይ ብዙ ጊዜ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ነው፣ ጥቂት ስኩዌር ሚሊሜትር በማይሞላው ቺፕ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ መውጫውም በቺፑ ጀርባ ብቻ ነው። ለምሳሌ 3 ዋት ሙቀት የሚያመነጭ ቺፕ እስከ ውጭው አየር ባለው መንገድ በእያንዳንዱ ዋት 20 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚጨምር ከሆነ፣ ከአካባቢው አየር በ60 ዲግሪ ይበልጥ ይሞቃል። የአየሩ ሙቀት 25 ዲግሪ በሆነበት ቦታ ቺፑ 85 ዲግሪ ሲደርስ፣ 40 ዲግሪ በሚደርስበት በአፋር ቆላ ደግሞ ያው የእጅ ባትሪ 100 ዲግሪ ይነካል።

ተረት 2፦ አካሉ የሚሞቅ የእጅ ባትሪ ጥራት የጎደለው ነው፤ ቀዝቅዞ የሚቆየው የተሻለ ነው።

እውነታ፦ ሙቀቱ ከቺፑ ተነሥቶ በብየዳው በኩል ወደ አሉሚኒየም ወይም መዳብ ሰሌዳ፣ ከዚያም ወደ እጅ ባትሪው አካል፣ በመጨረሻም ወደ አየሩና ወደ ያዘው እጅ ይተላለፋል። ይህ መንገድ እንደ መስኖ ቦይ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ከተደፈነ ከድፍኑ በታች ያለው ሲደርቅ ከበላይ ያለው ይጥለቀለቃል። በመሆኑም ኃይለኛ ብርሃን እየሰጠ አካሉ የማይሞቅ የእጅ ባትሪ ሙቀቱን በውስጡ አምቆ ቺፑን እያበሰለ ሊሆን ይችላል፤ ለብ የሚለው ግን መንገዱ ክፍት መሆኑን ያሳያል። አሉሚኒየም ከተለመደው ፕላስቲክ በብዙ መቶ እጥፍ፣ መዳብ ደግሞ ከአየር ከ10,000 እጥፍ በላይ ሙቀት የሚያስተላልፍ በመሆኑ፣ በሰሌዳውና በአካሉ መካከል የምትቀር ቀጭን የአየር ክፍተት እንኳ ትልቅ መሰናክል ናት። አካሉ ለመያዝ እስኪያስቸግር ድረስ ከጋለ ግን ምንም ያህል በደንብ የተሠራ ቢሆን ወደ ዝቅተኛ ብርሃን መለወጥ ይገባል።

ተረት 3፦ በርቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ብርሃኑ የሚቀንስ ኤልኢዲ ተበላሽቷል።

እውነታ፦ ብርሃን የሚቀንስባቸው ምክንያቶች ብዙ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ጊዜያዊ ናቸው። አንደኛው የቁሱ ጠባይ ነው፤ የቺፑ ሙቀት ከ25 ወደ 85 ዲግሪ ሲወጣ ነጭ ኤልኢዲ ከብርሃኑ ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህል ያጣል፣ ሲቀዘቅዝም መልሶ ያገኘዋል። ሁለተኛው ሆን ተብሎ የሚደረግ ጥበቃ ነው፤ የተሻሉ የእጅ ባትሪዎች ሙቀትን በሚለካ ወይም ጊዜ በሚቆጥር ሰርኪዩት አማካይነት ፍሰቱን ራሳቸው ይቀንሳሉ። ሦስተኛው የኃይል ምንጩ መድከም ነው፤ አዲስ ሆኖ 1.5 ቮልት የሚሰጥ የባትሪ ድንጋይ ሲሠራበት ቮልቴጁ እየወረደ ስለሚሄድ፣ ፍሰቱን የሚያስተካክል ሰርኪዩት በሌለበት የእጅ ባትሪ ላይ ብርሃኑም አብሮት ይወርዳል። የእጅ ባትሪው በሚሸጥበት ማሸጊያ ላይ የሚጻፈው የሥራ ሰዓትም ይህን ቅነሳ ይጨምራል፤ ኤፍኤል 1 የተባለው የአሜሪካ የእጅ ባትሪ መለኪያ ሰዓቱን የሚቆጥረው ከተበራ ከ30 ሰከንድ በኋላ ከነበረው ብርሃን ጀምሮ ወደ 10 በመቶው እስኪወርድ ድረስ ነው። መንሥኤውን ለመለየት የእጅ ባትሪውን አጥፍቶ ማቀዝቀዝና በአዲስ ድንጋይ ወይም በሞላ ባትሪ እንደገና ማብራት ይበቃል፤ ብርሃኑ ከተመለሰ ኤልኢዲው ጤነኛ ነው፤ መነካኪያዎቹ ንጹሕ ሆነውና ማብሪያ ማጥፊያው በትክክል እየሠራ ካልተመለሰ ግን ዘላቂ ጉዳት መድረሱ ይጠረጠራል።

ተረት 4፦ ማሸጊያው ላይ 50,000 ሰዓት ከተጻፈ ያን ያህል ያገለግላል።

እውነታ፦ 50,000 ሰዓት ያለ ዕረፍት ቢቆጠር ከአምስት ዓመት ተኩል በላይ በመሆኑ፣ ቁጥሩ የሚገኘው በአብዛኛው በስሌት ነው። ኤልኤም 80 በተባለው የሙከራ ዘዴ ኤልኢዲዎች 55 እና 85 ዲግሪን በመሳሰሉ ተጠብቀው በሚቆዩ ሙቀቶች ቢያንስ ለ6,000 ሰዓት በርተው የብርሃናቸው መጠን ይለካል፤ ቲኤም 21 የተባለው የስሌት ዘዴ ደግሞ ከዚህ ተነሥቶ የወደፊቱን ሲተነብይ ከሙከራው ጊዜ ስድስት እጥፍ በላይ እንዲሄድ አይፈቅድም። ዕድሜ የሚባለውም ኤልኢዲው እስኪጠፋ ድረስ ያለው ጊዜ ሳይሆን ብርሃኑ ወደ መጀመሪያው 70 በመቶ እስኪወርድ ድረስ ያለው ነው። ስለዚህ ቁጥሩ የሚገልጸው በቤተ ሙከራ በሚገባ የቀዘቀዘውን ኤልኢዲ ነው፤ ያው ኤልኢዲ ሙቀት ማስወገጃ በሌለው የፕላስቲክ አካል ውስጥ ሲታሸግ ቁጥሩ ዋጋ ያጣል።

ተረት 5፦ ኤልኢዲ ወይ ይበራል ወይ ይቃጠላል፤ አያረጅም።

እውነታ፦ ኤልኢዲ የሚያረጀው ቀስ በቀስ ነው፤ ሙቀትም እርጅናውን ያፋጥናል። በቺፑ ክሪስታል ውስጥ ያሉ ጉድለቶች እየበዙ ሲሄዱ ኃይሉ ብርሃን ሳይሰጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ ግልጹ ማሸጊያ ይጠቁራል፤ ብርሃን የሚመልሰው ብርማ ንጣፍ ድኝ ባለበት አየር ይጨልማል፤ ብየዳው ደግሞ በመሞቅና በመቀዝቀዝ መፈራረቅ ይሰነጠቃል። ጉዳቱ የከፋው በርካሽ የእጅ ባትሪዎች ላይ በብዛት በሚደረደሩት፣ ባለ ሁለት እግርና 5 ሚሊሜትር ስፋት ባላቸው ትናንሽ ኤልኢዲዎች ላይ ነው። እነዚህ በአብዛኛው ለ20 ሚሊአምፔር ፍሰት የተሠሩ ሆነው ሳለ ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ ይጫንባቸዋል፤ ሙቀታቸው የሚወጣው በቀጫጭን እግሮቻቸው ብቻ ነው፤ የታሸጉበት ኢፖክሲ የተባለ ሙጫም በሰማያዊ ብርሃንና በሙቀት ቢጫ ይሆናል። ዓይን አዝጋሚ ለውጥን የሚለማመድ በመሆኑ የብርሃኑ ሲሶ ሊጠፋ ሲቃረብ እንኳ ባለቤቱ ላያስተውል ይችላል።

ተረት 6፦ የደበዘዘውን ኤልኢዲ ጠንካራ ባትሪ ወይም ብዙ ቴርማል ፔስት ያድነዋል።

እውነታ፦ ያረጀ ኤልኢዲ የጠፋ ብርሃኑን መልሶ አያገኝም። ከፍ ያለ ቮልቴጅ ለጊዜው ያደምቀዋል እንጂ ሙቀቱን ጨምሮ እርጅናውን ያፋጥናል፤ ፍሰት ሲበዛም ከእያንዳንዱ ዋት የሚገኘው ብርሃን እየቀነሰ ይሄዳል። በዚህ ላይ ኤልኢዲ ሲሞቅ የሚፈልገው ቮልቴጅ ስለሚቀንስ፣ ፍሰት የሚገድብ ሰርኪዩት ከሌለ ሙቀቱ ፍሰትን፣ ፍሰቱም ሙቀትን እየጨመሩ ዕቃውን እስከ መቃጠል ሊያደርሱት ይችላሉ። ብርሃኑ ከነጭነት ወደ ሰማያዊነት ሲያደላ ከታየ ወዲያው ማጥፋት ያስፈልጋል። በሰሌዳውና በአካሉ መካከል የሚቀባው ቴርማል ፔስትም ዓይን የማያያቸውን ክፍተቶች እንዲሞላ ብቻ የታሰበ ነው፤ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ከብረት እጅግ ያነሰ በመሆኑ በወፍራሙ ሲቀባ ራሱ መሰናክል ይሆናል። ስለዚህ ጠጋኝ ኤልኢዲውን ከነሰሌዳው ሲለውጥ ሁለቱን ገጾች አጽድቶ በስሱ መቀባትና ሰሌዳውን በብሎን አጥብቆ ማሰር ይኖርበታል።

ገዢም ቢሆን በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው የሉመን (የብርሃን መጠን) ቁጥር በፊት የአካሉን ብረትነትና ኤልኢዲው ከአካሉ ጋር በጥብቅ የተያያዘ መሆኑን ሊመረምር ይገባል፤ ከገዛ በኋላም ከፍተኛውን ብርሃን ለሚያስፈልግበት ጊዜ ብቻ ቢያውልና በቀረው ጊዜ በመካከለኛው ቢጠቀም፣ ዕቃው ለዓመታት ያገለግለዋል። የኤልኢዲን ዕድሜ የሚወስነው ከሁሉ በላይ ሙቀቱ የሚወጣበት መንገድ ነው።