ቃሉን የሚጠብቅ ዲስክ

ለዳታቤዝ የሚሆን ሰርቨር ሊገዛ የወጣ ሰው አፉ ላይ የሚቀድመው «ስንት ኮር አለው?» የሚለው ነው። እኔ አስቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ መብራት ድርግም ቢል ዲስኩ የያዘውን እንደያዘ ይገኛል ወይ?

አንዲት የቁጠባና ብድር ማኅበር ገንዘብ ተቀባይ እናስብ። የአንዲት እናት 5,000 ብር ቆጥራ፣ መዝግባ፣ «አስቀምጥ» የሚለውን ትጫናለች። ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ከሆነ ለውጡን መጀመሪያ የሚጽፈው ሎግ ፋይሉ ላይ ነው፤ ጽፎም አያልፍም፣ ጽሑፉ ዲስኩ ላይ መስፈሩ እስኪረጋገጥለት ይጠብቃል። ዲስኩ «ሰፍሯል» ሲለው ነው «ተመዝግቧል» የሚለው መልእክት ስክሪኑ ላይ የሚወጣው። ልጅቷም «እማማ፣ ገብቶልዎታል» ብላ ደረሰኙን የምትሰጠው ያንን አምና ነው።

ከሁሉ በፊት መመርመር ያለበት ይህ ቅጽበት ነው። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሀርድ ዲስክ አንዱን ዙር የሚጨርሰው በ8.3 ሚሊሰከንድ ነው። የሎጉ ቀጣይ መስመር የሚጻፍበት ቦታ ዞሮ እስኪመጣ መጠበቅ ግድ ስለሆነ፣ ተራ በተራ የሚገቡ ምዝገባዎች በሰከንድ ከ120 አያልፉም። 64 ኮር ቢደረደርም ያው ነው።

ኤስኤስዲ የሚሽከረከር አካል ስለሌለው ይህን መጠበቅ አሳጥሮታል። ነገር ግን ብዙው ኤስኤስዲ የመጣለትን ጽሑፍ ለጊዜው የሚያቆየው ኃይል ሲቋረጥ ባዶ በሚሆን ቺፕ ላይ ነው፤ ጽሑፉ ገና እዚያ ሳለ «ሰፍሯል» የሚሉ ዲስኮችም ታይተዋል። ለሰርቨር ተብሎ የተሠራ ጥሩ ዲስክ ሽፋኑ ቢነሳ ግን ቦርዱ ላይ ሽምብራ የሚያካክሉ ካፓሲተሮች ተደርድረው ይታያሉ። መብራት ሲጠፋ እነሱ ያጠራቀሙት ኤሌክትሪክ ዲስኩን ለቅጽበት ያቆየዋል፤ በዚያች ቅጽበት በእጁ ያለውን ሁሉ ወደ ቋሚው ቺፕ ይገለብጣል። ይህ መተማመኛ ስላለውም ወዲያው «ሰፍሯል» ቢል አይዋሽም፤ ስለዚህ ምዝገባው ይፈጥናል። ለዚህች ነገር የሚጨመር ገንዘብ አይቆጨኝም።

«ዩፒኤስ አለን» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ዩፒኤስ የሚመክተው ከውጭ የሚመጣውን ነው። የሰርቨሩ ፓወር ሰፕላይ ከተቃጠለ፣ ወይም አንድ ሰው ገመዱን በእግሩ ጠልፎ ከነቀለው ምን ይረዳል?

ከዲስኩ ቀጥሎ ራም ነው። በየቀኑ የሚነካካው መረጃ ራም ውስጥ ከገባ ዲስኩ ለንባብ እምብዛም አይጠራም። ራሙ ኢሲሲ የሚባለው ዓይነት ይሁን፤ ለ64 ቢት 8 ጠባቂ ቢት ጨምሮ ስለሚይዝ አንድ ቢት ቢገለበጥ ራሱ ያርመዋል። ያልታረመ ስህተት ባክአፑም ውስጥ ይገባል። ዲስኮቹን ስናቀናጅ ደግሞ ሬድ 5 ቦታ ይቆጥባል ብለን አንቸኩል፤ ለአንዲት ትንሽ ጽሑፍ ሁለት ንባብና ሁለት ጽፈት ይጠይቃል፣ ሬድ 10 ግን ሁለት ጽፈት ይበቃዋል። ፕሮሰሰሩ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ።

ሰርቨሩ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንድ ፈተና አለ። ተራ ቁጥር ያላቸው መዝገቦች በተከታታይ ይላኩበት፤ «ተመዝግቧል» የተባለውን የመጨረሻ ቁጥር ሌላ ኮምፒውተር ይያዝ። ከዚያ የሰርቨሩ ገመድ ከሶኬቱ ይነቀል። ውጭ ያለው ኮምፒውተር 48,213 ብሎ ከያዘ፣ ሰርቨሩ ሲነሳ 48,213ኛው መዝገብ መኖር አለበት። 48,190 ላይ ቆሞ ከተገኘ ዲስኩ ወደ ሻጩ ይመለስ።