ቤት ሲሸጥ ከጠረጴዛው ወዲያ ያለችው ሠራተኛ

ለመሆኑ ቤት ሲሸጥ አይተው ያውቃሉን? አይተው ከሆነ ደላላውን፣ ሻጩንና ገዢውን ያስታውሱ ይሆናል። ከጠረጴዛው ወዲያ ተቀምጣ መታወቂያውን ከባለቤቱ ፊት ጋር የምታመሳክረውን፣ ውሉን መስመር በመስመር የምታነበውን ሠራተኛ ግን ልብ የሚላት ጥቂት ሰው ነው። የሥራ መጠሪያዋ ሰነድ አረጋጋጭ ይባላል። ልጅዎ ወይም እኅትዎ ትምህርቷን ጨርሳ «ምን ልሥራ?» ብትልዎት ይህን ሙያ አይርሱት።

ብዙ ሰው ቀብድ ተከፍሎ፣ ምስክሮች የፈረሙበት ወረቀት ቤቱን የገዢው ያደረገው ይመስለዋል። አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት መደረግ አለበት ይላል። የዕቁብ ገንዘብዎን በመንደር ውል ከፍለው ሻጩ ሐሳቡን ቢለውጥ፣ ቤቱ ቀርቶ ገንዘቡን ለማስመለስ እንኳ የፍርድ ቤት ደጅ መጥናት ይመጣል። (መሬቱም አብሮ የሚሸጥ አይምሰልዎት። የከተማ ቦታ ከ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ወዲህ በግል ይዞታነት አይሸጥም፤ የሚሸጠው ቤቱ ነው።)

በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ይህ ሥራ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 922/2008 ነው። ሠራተኛዋ ሻጩ በእርግጥ ባለቤቱ መሆኑን፣ ለመዋዋል ችሎታ ያለው መሆኑን፣ ቤቱ በባንክ ዕዳ ወይም በፍርድ ቤት እግድ ያልተያዘ መሆኑን ታጣራለች።

ከሁሉ ይልቅ እኛን እናቶችን የሚነካው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። አንድ ባል ካርታውን ይዞ ይመጣል። «በእኔ ስም ነው፣ ሌላ ማን ያገባዋል?» ይላል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንዱ ስም የተመዘገበም ቢሆን የግሉ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ ነው ይላል፤ የጋራ ቤት ደግሞ ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም። ስለዚህ ሠራተኛዋ «ባለቤትዎ የት አሉ?» ትላለች። አላገባሁም ካለም ማስረጃ ትጠይቃለች። ሚስቲቱ መጥታ አንገቷን ደፍታ ስትቀመጥ፣ ባልዬው ስለ እርሷ ሲመልስ፣ ጎበዝ ሠራተኛ ፊቷን ወደ ሴትዮዋ መልሳ «እርስዎስ ቤቱ መሸጡን ፈቅደዋል?» ብላ በቀጥታ ትጠይቃለች። እንደኔ እንደኔ የሙያው ክብር ያለው በዚህች ጥያቄ ላይ ነው። ልጆች ጣሪያ አልባ የሚሆኑት ይህች ጥያቄ ሳትጠየቅ ስትቀር ነው።

ውክልናም እንዲሁ ዓይን ይፈልጋል። በቤይሩት ወይም በጅዳ በሰው ቤት ሠርታ ቤት የገዛች እኅታችን ለወንድሟ ጠቅላላ ውክልና ሰጥታ ሊሆን ይችላል። በዚያ ብቻ ቤቷን መሸጥ አይችልም፤ ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ወካዩ ሲሞትም ውክልናው አብሮ ያበቃል።

ወደ ሥራው የሚያደርሰው ዋናው መንገድ የሕግ ትምህርት ነው። ሥራው የቢሮ ስለሆነ ልጆች ላላት ሴት ይመቻል። ነገር ግን ወረፋው ረጅም ነው፤ ዘመድ «አስቸኩይልኝ» ይላል፤ ጉቦ የሚያቀርብም አይጠፋም። የማይገባ ሰነድ ያረጋገጠች ሠራተኛ በሕግ ልትጠየቅ እንደምትችል ከወዲሁ ማወቅ አለባት። እምቢ ማለት የሚከብዳት ሌላ ሥራ ብትፈልግ ይሻላታል።

ሕግ ያላጠናችም ብትሆን ተስፋ አትቁረጥ። ውሉ ከጸደቀ በኋላ ጉዳዩ ወደ መሬት ይዞታ መሥሪያ ቤት ይሄዳል፤ በዚያም ስም እስኪዛወር ድረስ ካርታው የሻጩን ስም እንደያዘ ነው። የከተማ ቦታ ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 ከወጣ ወዲህ መዝገብ የሚያደራጁ፣ ቦታ የሚለኩ፣ ካርታ የሚያነቡ ሠራተኞች በዚህ ሥራ ይፈለጋሉ። ቅየሳ ወይም የመዝገብ አያያዝ የተማረች ልጅ ማመልከቻዋን ይዛ መሄድ የሚገባት ወደዚያኛው ቢሮ ነው።