ገብስ የሚያርፍበት ዓመት

ከጎንደር ወደ አምባ ጊዮርጊስ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ኮሶዬ ይደርሳል። እንግዳ ሁሉ የሚወርደው አፋፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል ቆላውን ለማየት ነው። እኔን ግን ዓይኔን የሚስበው ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ማሳ ነው። በነሐሴ ከገብሱ ጎን ባቄላው አብቦ ይቆያል፤ ሽታው ከሩቅ ይቀበላል። ባቄላ የተዘራበት ማሳ ብዙውን ጊዜ አምና ገብስ ወይም ስንዴ የበቀለበት ነው፤ ለከርሞም ገብስ ይመለስበታል። ግብርና ባለሙያዎች ሰብል ማፈራረቅ የሚሉት ይህ ነው።

ባለቤቱን አስፈቅዶ አንድ ባቄላ ነቅሎ ማየት ይበጃል። አፈሩ ሲራገፍ ሥሩ ላይ ትንንሽ እባጮች ተጣብቀው ይታያሉ። አንዱን በጥፍር ሰንጠቅ ሲያደርጉት ውስጡ ሥጋ መስሎ ከቀላ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን አይሠራም። ቅላቱን የሚሰጠው በሰው ደም ውስጥ ካለው ጋር የሚዛመድ፣ ብረት ያዘለ ንጥረ ነገር ነው። እባጩ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን እየያዙ ለተክሉ ይሰጣሉ፤ ተክሉም በፋንታው ስኳር ይቀልባቸዋል። ሄልሪጀልና ዊልፋርት የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ይህን በሙከራ ያረጋገጡት በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው።

የሽፋን ሰብል ከዚህ አንድ እርምጃ ይሻገራል። የሚዘራው ለጎተራ ሳይሆን ለመሬቱ ሲባል ነው፤ ማሳው ራቁቱን እንዳይቀር ይሸፍነዋል፣ ከዚያም እርጥብ እንዳለ ታርሶ ይቀበራል ወይም ታጭዶ እዚያው ይነጠፋል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ባቄላ እስኪደርቅ ከተጠበቀ ከአየር የያዘው ናይትሮጅን አብዛኛው ወደ ፍሬው ይገባል። ፍሬው ወደ ቤት፣ ገለባው ወደ ከብት ይሄዳል፤ የከብቱም እበት ኩበት ሆኖ ይነዳል። ለመሬቱ የሚተርፈው ሥሩና የረገፈው ቅጠል ነው። እንዲያም ሆኖ ገብስ ላይ ገብስ ከመደራረብ በእጅጉ ይሻላል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ሰኔ ነው። ማሳው ተደጋግሞ ታርሶ፣ አፈሩ ልሞ፣ አንድም ቅጠል ሳይኖርበት የክረምቱ ዝናብ ይወርድበታል። እንደ ኮሶዬ ባለ ተዳፋት ላይ ጎርፉ ጠቁሮ ሲወርድ ያየ ሰው፣ የሚሄደው ውኃ ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል።

ለዚህ የሚሆን ዘር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ማገጥ የደጋችን የገዛ ራሱ ሣር ነው፤ በክረምት ጦም ባደረ መሬትና በግጦሽ ዳር ይወጣል። እንደ ባቄላ ሥሩ ናይትሮጅን ይይዛል። አንዱ የማገጥ ዝርያ ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሰሜንንና ጎንደርን ከጎበኘው ከጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። አዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል፣ ኢልካ፣ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን ማገጦች ሰብስቦ አጥንቷል። ማገጥን ወይም ቬች የተባለውን የመኖ ተክል በቆመ ገብስ መሐል መዝራት ገብሱ ሲታጨድ መሬቱ ለብሶ እንዲቀር ያደርጋል።

ችግሩ ከብት ነው። መኸሩ እንደተሰበሰበ ማሳው የጋራ ግጦሽ ይሆናል፤ አንድ ገበሬ ብቻውን የሸፈነው መሬት በሳምንት ያልቃል። እዚህ ላይ የአዊና የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ያለው ብልሃት ያስደንቀኛል። ግብጦ ይዘራል። ግብጦ መራራ ነው፤ ከብት አይደፍረውም፣ ስለዚህ ማሳው ላይ አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል። ደክሞ በኮመጠጠ መሬት ላይ፣ ብዙ እርሻ ሳይፈልግ ይበቅላል። ሥሩ ላይ እንደ ጠርሙስ መጥረጊያ ጭፍግ ያሉ ቀጫጭን ሥሮች ያወጣል፤ እነሱም ሎሚን የሚያኮመጥጠውን ሲትሪክ አሲድ እያመነጩ አፈሩ ጨብጦ የያዘውን ፎስፈረስ ያስለቅቃሉ። ፍሬው መራራነቱ እንዲወጣለት ተቆልቶ ወይም ተቀቅሎ ለቀናት በሚፈስ ውኃ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ ይበላል፣ አረቄም ይወጣበታል።

ባቄላው ደግሞ ቆርምድ መጥቶበታል። ቅጠሉን እያሳበጠ የሚያጨማድደው ይህ በሽታ ብዙ ደጋማ ወረዳዎችን አዳርሷል። ባቄላው የተበላሸበት ገበሬ ዘሩን ቢተው አይፈረድበትም፤ ግን በቦታው ገብስ ላይ ገብስ ከመጣ የማሳው ተራ ይሰበራል። አተር ወይም ምስር ተራውን ሊይዝ ይችላል። ባቄላንም ቢሆን በአንድ ማሳ ላይ በየዓመቱ አለመመላለስ የበሽታውን ጉልበት ይቀንሳል።

ባቄላው ሲደርቅ ከሥሩ መንቀል ለእጅ ይቀላል። በማጭድ ዝቅ አድርጎ ማጨድ ወገብ ያደክማል፣ ሥሩን ግን መሬት ውስጥ ያስቀረዋል። የቀረው ሥር ማሳው እስኪታረስ ድረስ አፈሩን ጨብጦ ይቆያል።