ቫይረሱ ከመሸሸጉ በፊት

ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የቡና ከተማ ናት። ለቀማ ሲደርስ ሾፌሩ፣ ነጋዴውና የቀን ሠራተኛው ይበዛባታል። ሰው የሚበዛበት ከተማ ደግሞ ስለ ኤችአይቪ ዝም ማለት አይችልም።

ቫይረሱ ያለበት አዋቂ ሰው ዛሬ በብዛት የሚጀምረው ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር በአንድነት የተዘጋጁባትን፣ በቀን አንዴ የምትዋጥ ክኒን ነው። የክኒኗን ጥበብ ለመረዳት ቫይረሱን መተዋወቅ ይበጃል።

ኤችአይቪ ያለው 9 ጂን ብቻ ነው። በራሱ መራባት አይችልም፤ ስለዚህ የሰውነትን መከላከያ የሚያስተባብረውን ሲዲ4 የተባለ የነጭ ደም ሴል ያጠቃል። በላዩ ያለው ፕሮቲን ሴሉ ላይ ይጣበቅና ካፕሲድ የተባለው ሾጣጣ ቅርፊት ወደ ውስጥ ይገባል። ቅርፊቱ ከ1,000 በላይ ተመሳሳይ ፕሮቲኖች የተገጣጠሙበት ነው፤ በውስጡ ሁለት የአርኤንኤ ክሮችና ጥቂት ኢንዛይሞች አሉ።

አንደኛው ኢንዛይም አርኤንኤውን ወደ ዲኤንኤ ይገለብጣል። ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን የዲኤንኤ መገንቢያ መስለው ይገቡና ክሩ እንዳይቀጥል ያደርጋሉ። ሌላው ኢንዛይም፣ ኢንቴግሬዝ፣ የተገለበጠውን ዲኤንኤ ከሰውየው ዲኤንኤ ጋር ይሰፋዋል፤ ዶሉቴግራቪር የሚይዘው ይህንን ነው።

ከባዱ ነገር ከስፌቱ በኋላ ያለው ነው። አንዳንዶቹ ሴሎች ቫይረሱን ይዘው ለዓመታት ያንቀላፋሉ፤ መድኃኒቱም ከዚያ ሊያወጣው አይችልም። ክኒኗ የማትቋረጠው ለዚህ ነው። ሳያቋርጥ ወስዶ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ የደረሰና በዚያው የቆየ ሰው ግን በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። ይህ በሰፊ ጥናቶች የተረጋገጠ እውነት ነው፤ በየቤቱ ቢነገር ስንት ትዳር ከፍርሃት ያርፍ ነበር!

መከላከያውም እያደገ ነው። ሌናካፓቪር የሚባለው፣ በየ6 ወሩ የሚወጋው መድኃኒት የሚይዘው ያንኑ ሾጣጣ ቅርፊት ነው። ውጤቱ በ2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይፋ በሆነው፣ በደቡብ አፍሪካና በዩጋንዳ በተካሄደው ጥናት መድኃኒቱን ከወሰዱት 2,134 ወጣት ሴቶች አንዷም በቫይረሱ አልተያዘችም።

ከዚህ ሌላ ኮንዶም አለ፤ ምርመራም አለ። ኮንዶም የተቀደደበት፣ የተደፈረች ወይም በመርፌ የተወጋ ሰው ደግሞ ቫይረሱን ሥር ሳይሰድ ሊቀድመው ይችላል። ለዚህ የሚሰጠው መከላከያ መድኃኒት ለ28 ቀን የሚወሰድ ነው፤ መጀመር ያለበት ግን በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በተቻለ መጠን በመጀመሪያው ቀን ነው። ዲላም ሆነ ይርጋጨፌ ያላችሁ፣ ነገ አትበሉ፤ ዛሬውኑ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።