ዓይን ሳይቀላም ይታመማል

በዛሬው የጤና ትምህርታችን ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ወገኖቻችንን ስለሚያጠቃ የዓይን በሽታ እንነጋገራለን።

ብዙዎቻችን ዓይናችን ሲቀላ አቧራ ነው ብለን እናልፈዋለን። ካልቀላና ካላመመን ደግሞ ደህና ነው እንላለን። ሁለቱም ያሳስታሉ።

የሰውነት መከላከያ አቅም በጣም ሲዳከም፣ በተለይም ሲዲ ፎር ከ50 ሲያንስ፣ ሳይቶሜጋሎ የሚባል ቫይረስ በዓይን ውስጥ በስተኋላ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ሽፋን ያጠቃል። አብዛኛውን ጊዜ ዓይን አያምም፤ አይቀላምም። ምልክቶቹ የሚከተሉት ናቸው፦

• የሚንሳፈፍ ጥቁር ነጥብ ወይም የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ማየት
• ብልጭታ ማየት
• የእይታ መደብዘዝ ወይም በከፊል በጥላ መሸፈን

ደህነኛው ዓይን የታመመውን ስለሚደብቅ፣ አንዱን ዓይን በእጃችሁ ሸፍናችሁ በሌላው ተራ በተራ እያያችሁ ፈትሹ። ሲዲ ፎራችሁ ከ100 በታች ከሆነ ግን ምልክት ባይኖርም የዓይን ምርመራ እንዲደረግላችሁ ጠይቁ።

ባለሙያው የዓይን ብሌንን በጠብታ አስፍቶ ውስጡን በመብራት ያያል። ለጥቂት ሰዓታት ብዥ ስለሚላችሁ የሚመራችሁ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። በሽታው ከተገኘ የሚዋጥ ቫልጋንሳይክሎቪር ወይም ወደ ዓይን የሚወጋ ጋንሳይክሎቪር ይታዘዛል። የጠፋው እይታ አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም፤ የቀረውን ግን ማትረፍ ይቻላል። ስለዚህ ነገ ዛሬ አትበሉ።

አልማዝ ባለ ጭራ በግንባር ወይም በአፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣም ዓይንን ሊጎዳ ይችላል። አሲክሎቪር የሚባለው መድኃኒት ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር የበለጠ ይጠቅማል። ጊዜው ቢያልፍባችሁም ከመምጣት አትቅሩ።

ከሱቅ የተገዛ ወይም ጎረቤት የሰጣችሁን ጠብታ ዓይናችሁ ውስጥ አታድርጉ። ዴክሳሜታዞን ያለበት ጠብታ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከተወሰደ አንዳንዱን የዓይን ቁስል አባብሶ እስከ መታወር ያደርሳል። የቅጠል ጭማቂም እንዲሁ ጉዳት አለው።

ዓይንን ለዘለቄታው የሚጠብቀው ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒትን ሳያቋርጡ መውሰድ ነው። መድኃኒቱን ከጀመራችሁ በኋላ እይታችሁ ቢደበዝዝ ወዲያውኑ ወደ ክሊኒክ ኑ እንጂ በራሳችሁ አታቁሙት። የሰውነት መከላከያ ሲያገግም ዓይን ሊቆጣ ይችላል፤ ለዚያም ሕክምና አለው።

ይህን ወረቀት አንብባችሁ ስትጨርሱ ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁ አንብቡለት።