ለራስ ቃል ዋስ መጥራት

ሰው በልቡ የሚያስበው መልካም ነገር ብዙ ነው፤ ከፍጻሜ የሚያደርሰው ግን ጥቂት ነው። በመስከረም ወር አደይ አበባ ሲፈነዳ ሁላችንም አዲስ ደብተር ገዝተን፥ ሽፋኑን ለብጠን፥ «ዘንድሮስ በርትቼ እማራለሁ» ብለን ለራሳችን ቃል እንገባለን። ኅዳር ሲገባ ግን ያ ቃል ከደብተሩ ሽፋን ቀድሞ ይቀደዳል። ይህም የሚሆነው ተማሪው ሁሉ ሰነፍ ስለ ሆነ አይደለም፤ ለራስ የተገባ ቃል ጠያቂ ስለሌለው ነው። አበዳሪውም ተበዳሪውም አንድ ሰው በሆነበት ዕዳ ማን ማንን ይከሳል?

ስለዚህ በዚህች ጽሑፍ ሰው የግል ዓላማውን ከፍጻሜ እንዲያደርስ የሚረዳውን አንድ ዘዴ፥ ማለት የሚጠይቅ ጓደኛ መያዝን፥ በአቅሜ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ነገሩ ለእኛ ለተማሪዎች የጨዋታ ነገር አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 845 ሺህ ያህል ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት 27,267፥ ማለት ከመቶ 3.2 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ቍጥሩ ከፍ ቢልም ከመቶ 5.4 አልዘለለም። የመጽሐፍ እጥረትና ሌላም ብዙ ምክንያት እንዳለበት አይካድም፤ ሆኖም በእጃችን ያለውን ጊዜና መጽሐፍ እንኳ በሚገባ እንዳንሠራበት የሚያደርገን ነገ እነሣለሁ ማለት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

የሚጠይቅ ጓደኛ ማለት ምን ማለት ነው ቢሉ፥ አንድ ሰው ሊሠራ ያሰበውን ለሌላ ሰው አስታውቆ፥ በተወሰነ ቀን «ያልከውን ሠርተሃል ወይስ አልሠራህም?» ብሎ እንዲጠይቀው ፈቃድ ሲሰጠው ነው። እርሱም በፈንታው ያንኑ ያደርግለታል። ይህ ነገር ከሩቅ አገር የመጣ አዲስ ጥበብ ይመስላል፤ ነገር ግን አባቶቻችንና እናቶቻችን በልዩ ልዩ ስም ሲሠሩበት የኖሩት ነው።

መጀመሪያ እቁብን እንመልከት። ሃያ ሰዎች በየሳምንቱ መቶ መቶ ብር ቢያወጡ፥ በሳምንት አንድ ሰው ሁለት ሺህ ብር ይደርሰዋል፤ በሃያ ሳምንትም ሁሉም ይዳረሳል። ዕጣው ቶሎ የወጣለት ሰው ያለ ወለድ ብድር እንዳገኘ ይቈጠራል። በመጨረሻው ሳምንት የሚደርሰው ሰው ግን ምን ተጠቀመ? የተቀበለው የራሱን ገንዘብ ነው፤ በቤቱ በሣጥን ቢያስቀምጠው ያንኑ ሁለት ሺህ ብር ያገኝ ነበር። ቢሆንም ይህ ሰው በሚቀጥለው ዙር ተመልሶ ይገባል። ምክንያቱን ቢጠይቁት፥ በቤት ያስቀመጥኩት አይበረክትልኝም ይላል። እንግዲህ ያ ሰው ከእቁቡ የሚያገኘው ከገንዘቡ በላይ ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም የታወቀ ቀን፥ የታወቀ መጠን፥ የሚጽፍ ጸሐፊና የሚጠይቅ ዳኛ ነው። ዕጣ የወጣለትም ሰው ቀሪውን ሳያቋርጥ ለመክፈሉ ዋስ ይጠራል።

ዋስ የሚለውን ቃል ልብ እንበል። በአገራችን ልማድ ቃል የገባ ሰው ቃሉ ብቻውን አይበቃም፤ «ዋስ ጥራ» ይባላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣውም የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቍጥር 1920 ጀምሮ ስለ ዋስትና ደንግጓል፤ ባለዕዳው ሳይከፍል የቀረ እንደ ሆነ ዋሱ ይከፍላል። ስለ ዓላማ የምንጠራው ዋስ ግን ዕዳችንን አይከፍልልንም። ሒሳቡን ያልሠራሁ እኔ ከሆንኩ ማንም በእኔ ፈንታ ተፈትኖ አያልፍልኝም። የእርሱ ሥራ መጠየቅ ብቻ ነው፤ ቢሆንም መጠየቁ ትልቅ ኀይል አለው።

ሁለተኛው ምሳሌ ወንፈል ነው፤ በአፋን ኦሮሞ ዳዶ ይባላል። ዛሬ አንተ የእኔን እርሻ ብታጭድልኝ፥ ነገ እኔ ያንተን አጭዳለሁ፤ ቀን በቀን ይመለሳል። እዚህ በሸነን ዙሪያ ደመና ከጅባት ደን ላይ ሲመጣ ያየ ገበሬ፥ አዝመራው ሳይበላሽበት ቶሎ ለመሰብሰብ ከወንፈል የተሻለ ዘዴ የለውም። በወንፈል ላይ የሚለግም ሰው ወዲያው ይታወቃል፤ የታወቀ እንደ ሆነም በሚቀጥለው ጊዜ የሚመጣለት አያገኝም። ከዚህ የምንማረው፥ ጠያቂና ተጠያቂ እኩል መሆናቸውንና ሁለቱም የየራሳቸው እርሻ ያላቸው መሆኑን ነው።

በውጭ አገርም ተመሳሳይ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ አገር ኦሃዮ ውስጥ በአክረን ከተማ፥ በመጠጥ የተጐዱ ሁለት ሰዎች፥ አንደኛው በገንዘብ ገበያ ሥራ የነበረ ሌላው ሐኪም፥ ተገናኝተው አንዱ ሌላውን ከመጠጥ ለመጠበቅ ተስማሙ። ከዚያ የተወለደው ማኅበር ዛሬ በብዙ አገሮች ይገኛል፤ አዲስ የገባውም ሰው ቀድሞት የተወ አንድ ሰው እየተከታተለ ያግዘዋል። የእኛም ጀግና አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፥ በሮም ከተማ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ ብቻውን የበቃ አልነበረም። ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ልምምዱን ይከታተሉለት ነበር፤ ጓደኛው አበበ ዋቅጅራም በዚያው ውድድር ሰባተኛ ወጥቷል።

አሁን ደግሞ ነገሩ በተማሪ ዘንድ እንዴት እንደሚሠራ ከራሴ ላስረዳ። የእኔ ጓደኛ ቤቱ ከሸነን ራቅ ብሎ በገጠር ስለ ሆነ፥ በከተማው አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይማራል፤ ቅዳሜ ወደ ቤተ ሰቦቹ ሄዶ እሑድ ስንቁን ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ የሒሳብ ቀናችን እሑድ ማታ 12 ሰዓት ሆነ። እርሱ በሒሳብ እኔ በእንግሊዝኛ ደካሞች ነንና፥ እርሱ በሳምንት ሃያ ጥያቄ ሊሠራ እኔ አምስት ገጽ አንብቤ በራሴ ቃል ልጽፍ ተዋዋልን።

ባለፈው ታኅሣሥ የገብስ አጨዳ በደረሰ ጊዜ ጓደኛዬ ሁለት እሑድ በተከታታይ ቀረ። በዚያ ወቅት ለአጨዳ ብሎ የቀረ ተማሪ ብዙ ጊዜ እንደ ወጣ ይቀራል። በሰፈራቸው ስልክ እንደ ልብ ስለማይሠራ፥ በገበያ ቀን ለመጡ ጎረቤቶቹ ወረቀት ሰጠሁ። በወረቀቱ ላይ፥ «ያንተ አርባ ጥያቄ ቀርቷል፤ የእኔም ሦስት ገጽ ቀርቷል፤ እሑድ እጠብቅሃለሁ» ከማለት በቀር ምንም አልጻፍኩም። በኋላ እንደ ነገረኝ፥ አባቱ ወረቀቱን አስነብበው ካዳመጡ በኋላ የቀረውን አጨዳ በወንፈል እንጨርሰዋለን ብለው ሰደዱት። እርሱም እሑድ ማታ መጣ።

ብሔራዊ ፈተናውን ገና ስላልወሰድን ስለ ውጤቱ ምስክርነት መስጠት አልችልም። ደብተራችን ግን ይህን ይናገራል፤ ከሃያ ሁለት እሑዶች ውስጥ በአሥራ ስምንቱ ተገናኝተናል፤ ጓደኛዬም ከሦስት መቶ የሚበልጡ ጥያቄዎች ሠርቷል።

ይህን ለመጀመር የሚፈልግ ተማሪ የሚከተሉትን ቢጠብቅ ይጠቅመዋል።

አንደኛ፥ ጓደኛውን ሲመርጥ የሚያስቀውን ብቻ አይምረጥ። «የሚወድህ ያስለቅስሃል፥ የሚጠላህ ያስቅሃል» ይባላልና፥ እውነቱን ሳይሳደብ የሚነግረውን፥ ለራሱም ዓላማ ያለውን ይምረጥ።

ሁለተኛ፥ ዓላማው የሚቈጠር ይሁን። «በርትቼ አጠናለሁ» የሚለው ቃል ሊጠየቁበት አይቻልም፤ «እስከ እሑድ ሃያ ጥያቄ» የሚለው ግን መልሱ አዎን ወይም አይደለም ነው።

ሦስተኛ፥ ቀኑና ቦታው የጸና ይሁን፤ ጊዜውም አጭር ይሁን። ለሦስት ጥያቄዎች ሩብ ሰዓት ይበቃል። ምን ሠራህ? ምን አገደህ? ለሚመጣው ሳምንት ምን ትሠራለህ? መልሱም በደብተር ይጻፍ።

አራተኛ፥ ዓላማን ለሕዝብ ሁሉ ማወጅና ለአንድ ጠያቂ ማስታወቅ የተለያዩ ናቸው። የሥነ ልቡና ሊቅ ፒተር ጎልዊትዘርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፥ ሰው ያሰበውን ሲናገርና ሌሎች ሲያውቁለት ነገሩን እንደ ሠራው ያህል ስለሚረካ ትጋቱ ሊቀንስ እንደሚችል አሳይተዋል። ስለዚህ ዓላማችንን ለምስጋና አናውራው፤ ለሚጠይቀን ብቻ እናስታውቅ።

አምስተኛ፥ መደባበቅ እንዳይገባ እንጠንቀቅ። አንዱ «አንተም ተወው፥ እኔም ልተወው» ያለ ቀን ዋስትናው ፈረሰ። የቤት ሥራ መገልበጥም ከዚህ የከፋ ነው፤ ደብተሩን ይሞላል እንጂ ጭንቅላትን አይሞላም።

ይሁን እንጂ የዚህ ዘዴ ወሰን መታወቅ አለበት። ጠያቂ ጓደኛ መብራት አይሆንም፥ መጽሐፍም ዳቦም አይሆንም። ከትምህርት ቤት ተመልሳ ውኃ ቀድታ፥ እንጀራ ጋግራ፥ ታናናሾቿን አስተኝታ ከምሽቱ አራት ሰዓት ደብተር የምትገልጥ እኅታችን የሚጐድላት ጊዜ ነው እንጂ ቃል አይደለም። በዚህ ጊዜ ጠያቂው ጓደኛ ሊጠይቅ የሚገባው እርሷን ብቻ አይደለም፤ ሥራው ለወንድሞቿም እንዲካፈል ቤተ ሰቡ ሊያስብበት ይገባል። ወላጆቻችን በሳምንት አንድ ሩብ ሰዓት፥ ከዚያም በላይ በየማታው አንድ ሰዓት ቢለቁልን፥ በልጃቸው ላይ የሚጥሉት እቁብ እርሱ ነው።

የተወደዳችሁ ጓደኞቼ፥ ቃል የእምነት ዕዳ ነው። የነጋዴው እቁብና የገበሬው ወንፈል ለገንዘብና ለአዝመራ ከጠቀሙ፥ ለትምህርትም ይጠቅማሉ። እስከ መስከረም መጠበቅ አያሻም፤ የሚመጣው እሑድ ይበቃል። አንድ ደብተርና አንድ እውነተኛ ጓደኛ ይዘን እንጀምር።