የዕለት ፎቶግራፍና መግለጫው

ፎቶግራፍ መልክን ያስቀራል እንጂ ስምና ዘመን አይናገርም። ስለዚህ በየቀኑ አንድ ፎቶግራፍ እያነሣ የአካባቢውን ኑሮ ለመመዝገብ የሚሻ ተማሪ በሥዕሉ ግርጌ አጭር መግለጫ መጻፍ ይኖርበታል።

አንድ የቡሬ ተማሪ በደጅ የተሰጣ በርበሬ አነሣ እንበል። «ቀይ በርበሬ» ብሎ ቢጽፍ፣ ዓይን ያየውን ከመድገም በቀር የጨመረው ነገር የለም። «ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቡሬ፤ አክስቴ ለገበያ የሚሆነውን ከቤት ቀለቡ ለይታ ስታሰጣ» ቢል ግን ማን፣ መቼ፣ የትና ለምን የሚሉት ጥያቄዎች መልስ ያገኛሉ።

«ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተሰኘው መጽሐፍ ከየቤተሰቡ አልበም በተሰበሰቡ የቆዩ ፎቶግራፎች የተዘጋጀ ነው። ለቤተሰብ መታሰቢያ የተነሡት ሥዕሎች ዛሬ የከተማይቱን የቀድሞ ኑሮ ያስረዳሉ። በየቤታችሁም የቆየ ፎቶግራፍ ይኖር ይሆናል። በውስጡ ያሉትን ሰዎች ለይተው የሚያውቁት አያታችሁ ብቻ ከሆኑ፣ እርሳቸው ሲያልፉ ሥዕሉ ዲዳ ይሆናል። ሳይዘገይ ጠይቃችሁ ከጀርባው ጻፉበት።

መልመጃ፦ ለሰባት ቀናት በፍኖተ ሰላም ጎዳና፣ በገበያ ወይም በመንደራችሁ የምታዩትን የዘወትር ሥራ፣ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ፣ በየቀኑ አንድ አንድ ፎቶግራፍ አንሡ። ካሜራ ወይም ስልክ የሌለው ያየውን በቃላት ይሣል። ለእያንዳንዱም ከሁለት ዓረፍተ ነገር ያልበለጠ መግለጫ ጻፉ።